አባዬ ያሰረው ጓዝ

ይድረስ ለምወድሽና ለምናፍቅሽ ታላቅ እህቴ፣ ትተሻቸው የሄድሻቸውን ሹራቦች ሳላስፈቅድሽ ለምለብስልሽ፤

እንደምን አለሽልኝ እታለም? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽ እንደ ድሮው ያስቸግርሻል ወይስ እዚያ ያለው ወንበር ከእኛው ይሻላል? ባለቤትሽስ ደህና ነው? ትንሿስ ጥርስ አወጣች ወይስ እንደ አያታችን በድድ መኖርን መርጣለች? እኔ ደህና ነኝ። አያታችንም ደህና ናት፤ ጆሮዋ የሚከፈተው ስለ እሷ ሲወራ ብቻ መሆኑን ካልቆጠርነው። ስለ አባዬ «ደህና ነው» ብዬ ለመጻፍ እጄ እንቢ አለኝ። ስለ እማዬ ደግሞ ገና ምንም መጻፍ አልችልም። ከፊቴ ካለው በር ወዲያ ናት፤ በሩም አልተከፈተም።

የምጽፍልሽ ከቀዶ ጥገናው ክፍል ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ወረቀቱን ከተረኛዋ ነርስ ለምኜ ነው ያገኘሁት፤ ጀርባው የሽንት ምርመራ ቅጽ ስለሆነ ባለቤትሽ አይቶ እንዳይደነግጥ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ይህን ስታነቢ አንቺ መጨረሻውን በስልክ ሰምተሽዋል፤ እኔ ግን አሁን አላውቀውም። ዝም ብዬ ከተቀመጥኩ ጥፍሬን ጨርሼ ወደ ጣቴ ስለምሻገር፣ እየጻፍኩ ብጠብቅ ይሻላል ብዬ ነው።

ሌላም ምክንያት አለኝ። አባዬ ዛሬ የሆነውን እንዳልነግርሽ ከአንድ ሰዓት በፊት አስምሎኛል። «በስልክ ትንፍሽ ትዪና ልጄ አይደለሽም» ነው ያለኝ። ስለ ደብዳቤ ግን አንድም ቃል አልወጣውም። ሰው የሚያስምል ከሆነ በሩን ሁሉ መዝጋት አለበት እንጂ አንዱን ዘግቶ ሌላውን በርግዶ አይደለም። መሐላዬን አላፈረስኩም፤ በጎኑ ነው ያለፍኩት።

ስለ ማሽኖቹ የምጽፈውን እንደ ፈተና ወረቀት አድርገሽ አንብቢው። ስህተት ካለበት በቀይ አርሚው። ነገር ግን ዛሬ ባውቀውም ባላውቀውም እጄን የከተትኩበት ጉዳይ ነውና ከመሳቅሽ በፊት እስከ መጨረሻው ታገሺኝ።

አባዬ የሆስፒታሉ የማሽን ክፍል ኃላፊ ከሆነ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ የደም ባንኩን መዝገብ የሚይዙትን ሁለቱን ሰርቨሮች ጎን ለጎን አቁመሽ ያገናኘሻቸው ግን አንቺ ነሽ። አንዱን ታላቅዬ፣ ሌላውን ታናሽዬ አልሻቸው። ታላቅዬ ይሠራል፤ ታናሽዬ ቁጭ ብሎ ያየዋል። በእኛ ቤት ነገሩ እንዴት እንደነበረ አያታችን ምስክር ናት፣ አሁን አንከራከር። ሁለቱ በሁለት ኬብል ተያይዘው በየሰከንዱ «አለህ?» «አለሁ» ይባባላሉ። መልሱ ሲጠፋ ታናሽዬ ወንድሙ እንደወደቀ ገምቶ ሥራውን ይረከባል።

የሚረከበውን ነገር «የአገልግሎት ቡድን» ስትዪው መጀመሪያ የእግር ኳስ ቡድን መስሎኝ ነበር። የገባኝ ቤት የቀየርንበትን ቀን ስታስታውሺኝ ነው። አልጋው በመጀመሪያው መኪና ሄደ። ብሎኖቹ አያታችን ቦርሳ ውስጥ ነበሩ፤ አያታችን ደግሞ «እዚህ ትንሽ ልረፍ» ብላ ከነቦርሳዋ አክስታችን ቤት ወረደች። አልጋ እያለን መሬት ላይ ተኛን። የደም ባንኩ ሥራም እንደዚያው ነው። መዝገቡ የተቀመጠበት ዲስክ አለ፤ መዝገቡን የሚያነበው ዳታቤዝ አለ፤ ሠራተኞቹ የሚያዩት ፕሮግራም አለ፤ ፕሮግራሙን የሚያገኙበት አድራሻ አለ። አንዱ ያለ ሌላው ብሎን የሌለው አልጋ ነው። አንቺ አራቱን እንደ አንድ ጓዝ ቋጠርሻቸው። ታላቅዬ ሲወድቅ ታናሽዬ ጓዙን በሙሉ ያነሣል፤ እሱም በቅደም ተከተል ነው፣ ዲስኩን፣ ቀጥሎ ዳታቤዙን፣ ቀጥሎ ፕሮግራሙን፣ አድራሻውን በመጨረሻ። የደም ባንኩ ሰዎች ስክሪናቸው ሁለት ደቂቃ ያህል ደንዝዞ ሲመለስ ያያሉ እንጂ ሌላ ነገር አያውቁም። ልክ ነኝ?

አንድ ነገር ቀረኝ። ጥገና ሲኖር ጓዙን ማሰር ይቻላል። የታሰረ ጓዝ የትም አይሄድም፤ ቤቱ ቢቃጠልም አይሄድም። በሰማያዊው ደብተርሽ ገጽ አሥራ አራት ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ሲታሰር ለእኔ ይነገር፤ በዚያው ቀን ይፈታ» ብለሽ ጽፈሻል። አባዬ ያንን ደብተር እንዳያረጅ ብሎ በፕላስቲክ ጠቅልሎ መሳቢያው ውስጥ ቆልፎበታል። እውነትም አላረጀም፤ የሚከፍተው ሰው የለማ። ከመቆለፉ በፊት የእኔን ደብተር ጀርባ በሙሉ እሱን ገልብጬበት ነበር፤ የሒሳብ መምህራችን ምን እንደሆነ ቢጠይቁኝ «የቤት ሥራ» ብያቸዋለሁ።

ከአሥር ቀን በፊት ታላቅዬ ትንሽ ተንተባተበና ጓዙ በራሱ ወደ ታናሽዬ ዞረ። ልክ እንደነገርሽን፣ ሁለት ደቂቃ፣ አለቀ። በማግስቱ ወደ ቦታው ተመለሰ። አባዬ መደሰት ነበረበት። ግን በዚያች ሁለት ደቂቃ የሆስፒታሉ ዋና ነርስ ስክሪን ፊት ቆመው ኖሮ፣ በሰው መሀል «የእርስዎ ማሽን ሲያንቀላፋ የእኔ ታካሚ አብሮ ይተኛልዎት?» አሉት። አባዬ ያቺን ቃል ዋጣት፤ አልተፈጨችለትም። ቤት መጥቶም እራቱ ላይ ሦስት ጊዜ ደገማት፤ አራተኛውን አያታችን «ማን ተኛ?» ብላ ስትጠይቅ ተወው።

ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ነርሶቹ የእማዬን ልብስ ሲቀይሩ፣ አባዬ «መጣሁ» ብሎ ጠፋ። ሽንት ቤት የሄደ መስሎኝ ነበር። ለካ ማሽን ክፍል ወርዶ ጓዙን አስሮታል። ለምን ብትዪ፣ ሚስቱ ቀዶ ጥገና ላይ እያለች የደም ባንኩ ስክሪን ለሁለት ደቂቃ እንኳ እንዳይደነዝዝ ነው። «ዛሬ ምንም ነገር ከቦታው አይነቃነቅም» ብሎ ለራሱ ወሰነ። ሊደውልልሽ አስቦ ነበር፤ ይህንን እሱ ራሱ ነው የነገረኝ። ግን ሃያ ዓመት የሠራ ሰው የገዛ ልጁን «ልሰረው ወይስ ልተወው?» ብሎ መጠየቅ አሳፈረው። ፍቅር ማለት ይህ ከሆነ እኔ ብቻዬን እኖራለሁ።

እማዬ ሦስት ሰዓት ላይ ገባች። አራት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ተበርግዶ አንዲት ነርስ እየሮጠች ወጣች። ነርስ በፍጥነት ስትራመድ እንጂ ስትሮጥ አይቼ አላውቅም ነበር። ካሰቡት በላይ ደም እየፈሰሳት እንደሆነ፣ ተዘጋጅቶ የነበረው ሁለት ከረጢትም እንዳለቀ ሳትቆም ለአባዬ ነገረችው። አባዬ ለግድግዳው «ደም ባንኩ አለ፣ ደም ባንኩ አለ» ይላል።

ስለ እማዬ ደም በደንብ የገባኝ ዛሬ ነው። እኔን ስትወልድ ደም ተሰጥቷት ነበር አይደል? ያኔ ሰውነቷ በዚያ ደም ውስጥ የነበረን አንድ ነገር ጠላት ብሎ ያዘው። ዓመታት ስላለፉ በምርመራ ላይታይ ይችላል፤ ያው ነገር ያለበት ደም ቢገባት ግን ያስታውሰዋል፣ ከድሮውም ብሶ ይነሣበታል። በቤታችን ቂም የሚይዘው ሰው ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ደማችንም ይይዛል። በደም ባንኩ ማቀዝቀዣ ውስጥ መቶ ያህል ከረጢት አለ። ከመቶው ለእማዬ የሚሆኑት የትኞቹ እንደሆኑ የተጻፈው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ጓዙ ውስጥ። እንደ አዲስ እንመርምር ቢባል ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ያኔም ላይገኝ ይችላል። ሐኪሙ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ እንደሚከብድ ተናግረዋል።

ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ የደም ባንኩ ኃላፊ ሴትዮ ራሳቸው መጡ። እኔ በሆዴ «እትዬ ፍሪጅ» ብያቸዋለሁ፤ ሰላምታቸው እንኳ ጥርስ ያሳምማል። ፕሮግራሙ እንደማይከፈትላቸው፣ የእማዬን መዝገብ ማየት እንዳልቻሉ ነገሩን። «ሳላይ ደግሞ አንዲት ከረጢት አላወጣም፤ ገድዬ ከምጠየቅ ዘግይቼ ብሰደብ ይሻለኛል» አሉ። ያን ጊዜ አባዬ ምን አደረገ መሰለሽ? አጽናናቸው! «ሁለት ደቂቃ ብቻ ይታገሱ። ታላቁ ሲወድቅ ታናሹ ያነሣዋል። ልጄ ናት የሠራችው» ብሎ የእጅ ሰዓቱን ማየት ጀመረ። እኔም አብሬ አየሁ። ሁለት ደቂቃው አለፈ። ሦስተኛው ሊያልቅ ሲል ፊቱ እንደ ወረቀት ነጣና «አስሬዋለሁ» አለ። እትዬ ፍሪጅ «ማንን?» አሉት።

ስልኩን አወጣ። በሩ ላይ «ስልክ ይዘጋ» የሚል ተለጥፏል። «ሣሩን መርገጥ ክልክል ነው» የሚለውን ሰሌዳ ተደግፎ፣ ሣሩ ላይ ቆሞ ፎቶ የተነሣው አባታችን ዛሬ ማስታወቂያ አክብሯል። ሲከፍተው አሥራ አንድ ያልተመለሰ ጥሪ አለ፤ ሁሉም ከጋሽ ቆይ። ረዳቱን ማለቴ ነው፤ አንቺ ስትሄጂ ገና «ጋሼ» ብቻ ነበሩ። ቅጽል ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ፤ «ቆይ» ሳይሉ ሻይ አያማስሉማ። ማሽኑ ከወደቀ ጀምሮ ፊቱ ተቀምጠዋል፤ ግን ምንም መንካት አይችሉም፤ የይለፍ ቃሉ ያለው አባዬ ዘንድ ብቻ ነው። «ሁለት ሰው ቁልፍ የያዘው ቤት በሩ ክፍት ነው» ይል የለ? ለማሽኑ ምትክ ያዘጋጀ ሰው ለራሱ ምትክ የለውም።

አባዬ መሮጥ ጀመረ። ጉልበቱን ታውቂዋለሽ፤ አምስት እርምጃ ሄዶ ግድግዳ ያዘ። ማሽን ክፍሉ ከግቢው ማዶ፣ ከአሮጌው ሕንፃ ሥር ነው። «ቃሉን ንገረኝና እኔ ልሩጥ» አልኩት። እትዬ ፍሪጅን አየ፣ ነርሷን አየ፣ መሬቱን አየ። የሚስቱ ደም እየፈሰሰ ሰው ያፍራል? «አባዬ!» ብዬ ስጮህበት «ጆሮሽን አምጪ» አለኝና በሹክሹክታ ነገረኝ። ምን እንደሆነ አልጽፍልሽም። ሳይጋቡ እማዬን ይጠራበት የነበረ ስም ነው፤ ከኋላው ሦስት ቁጥር አለበት። ሌላ ቀን ቢሆን ለአንድ ዓመት የሚበቃ መሳቂያ ይወጣው ነበር። ዛሬ እንደ ጸሎት እየደጋገምኩት ሮጥኩ።

በግቢው ውስጥ ሰው ሁሉ ቀስ ብሎ ይሄድ ነበር። ይህ በጣም አናደደኝ። አንድ ሰውዬ ብርቱካን እየላጠ መንገዱን ይዞ ቆሟል፤ ገፍቼው አለፍኩ፤ ካገኘሁት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ደረጃውን ስወርድ ጋሽ ቆይ ካፖርታቸውን ደርበው በሩ ላይ ቆመው «ቆይ፣ አንቺን ማን ላከሽ?» አሉኝ። በክንዳቸው ሥር አልፌ አባዬ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሦስት ጊዜ ከተሳሳትኩ ይዘጋል። ቸኩዬ አንዱን ተሳሳትኩ። ሁለተኛውን ስጽፍ እያንዳንዱን ፊደል ጮክ ብዬ አልኩት፤ ጋሽ ቆይ ሰምተዋል፤ የሰሙትን ግን ሌላ ሰው ዘንድ እንደማያደርሱ ከጆሯቸው መቅላት አውቄያለሁ።

ገባሁ። ስክሪኑ ላይ ታላቅዬ «አይመልስም» ይላል። ታናሽዬ «አለ» ይላል። ጓዙ «ታስሯል» ይላል። ይገርምሻል፣ ታናሽዬ ሁሉንም ያውቃል። ወንድሙ ዝም እንዳለ ያውቃል፣ ጓዙ መንገድ ላይ ወድቆ እንደቀረ ያያል፤ እንዳይነካው ስለታዘዘ ግን እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። ታዛዥ ልጅ ማለት እንግዲህ ይኸው ነው። ከዛሬ ጀምሮ «ታዛዥ ሁኚ» የሚለኝ ሰው መልሱን ያገኛል።

«ፍታ» ብዬ ጻፍኩ፤ እንቢ አለኝ። ደግሜ ጻፍኩ፤ እንቢ አለኝ። ከዚያ ደብተርሽ ትዝ አለኝ፤ ሦስት መስመር ነው፣ መጀመሪያ ማስተካከያው ይከፈታል፣ ቀጥሎ ይፈታል፣ ቀጥሎ ይዘጋል። ከፈትኩ፣ ፈታሁ፣ ዘጋሁ። «ታስሯል» የሚለው ቃል ጠፋ። አሁን የቀረኝ አንድ ትእዛዝ ነው፤ ጓዙን ታናሽዬ ላይ አንሣ። ጽፌ ልጨርስ ስል ጋሽ ቆይ የእጄን አንጓ ያዙኝ።

«ቆይ!» አሉ። እታለም፣ ከአንቺ ሌላ ሰው ልነክስ የነበረው ያኔ ነው። «እናቴ ደሟ እየፈሰሰ ነው፣ ይልቀቁኝ!» ብዬ ጮህኩባቸው። አልለቀቁኝም። በሌላው እጃቸው ታላቅዬን አሳዩኝ። አንዲት አረንጓዴ መብራት ትርገበገባለች፤ ማራገቢያውም ይዞራል። «አይመልስም አለሽ እንጂ ሞቷል ያለሽ ማን ነው? ዝም ያለ ሁሉ ሞቷል? ታናሹን አሁን አስነሥተሽ ይሄኛውም ቢነቃ፣ ሁለቱ እኔ ነኝ እኔ ነኝ እያሉ ባንድ መዝገብ ላይ ይጽፋሉ። የእናትሽ ገጽ ከማን ገጽ ጋር ተደባልቆ እንደሚወጣ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

አላውቅም ነበር። የማይከፈት መዝገብ ቢያንስ «አላውቅም» ይላል። የተደበላለቀ መዝገብ ግን ደረቱን ነፍቶ የተሳሳተ ከረጢት ይሰጣል፤ እትዬ ፍሪጅም ያምኑት ነበር። በአንዲት ጣቴ እማዬን ልገድላት እንደነበር ሲገባኝ ጣቴን ሰበሰብኩት።

ጋሽ ቆይ ከኋላ ዞሩና የታላቅዬን የኤሌክትሪክ ገመድ ነቀሉ። መብራቷ አልጠፋችም። ተያየን። በእጃቸው የተነቀለ ገመድ ይዘዋል፤ ማሽኑ ይሠራል። ከዚያ ነው አንቺ እንዴት ያለሽ ጠንቃቃ እንደሆንሽ ትዝ ያለኝ፤ አንዱ መስመር ቢቋረጥ በሌላው እንዲኖር ሁለት ገመድ ነው የሰጠሽው። እህቴ ሆይ፣ ሥራ አክባሪነትሽን የረገምኩት ዛሬ ብቻ ነው። በሆዴ ተስቤ ከኋላው ገብቼ ሁለተኛውን እኔ መዘዝኩት። ማራገቢያው እያቃሰተ ቆመ። «አሁን ሞቷል። አንሺ» አሉኝ።

አነሣሁ። ከዚያ በኋላ የሚሠራ ነገር የለም፤ ማየት ብቻ ነው። ታላቅዬ ሥራ ላይ እያለ ስለወደቀ ታናሽዬ ዲስኩን ሳይመረምር አይቀበልም። ይመረምራል። ይመረምራል። የግድግዳው ስልክ ጮኸ፤ አባዬ ነው። ሐኪሙ «ስንት ደቂቃ ቀረ?» እያሉ እንደሆነ እያለቀሰ ይሁን እያለከለከ በማይለይ ድምፅ ጠየቀኝ። ጋሽ ቆይ ስልኩን ተቀበሉኝና «ቆይ» ብለው ዘጉት።

ዲስኩ ተነሣ። ዳታቤዙ ሳይጨርስ የቀረውን ጽሑፍ እያነሣ እየጣለ ቆየ፣ ቆየ፣ እሱም ተነሣ። ፕሮግራሙ ተነሣ። አድራሻው መጨረሻ ላይ ቀረ፤ እኔ እዚያ ማሽን ላይ ካየኋቸው ሰከንዶች ሁሉ ያንን የሚያህል ረጅም አላየሁም። ስልኩ እንደገና ሲጮህ ያነሣው ማን እንደነበር አላስታውስም፤ የእትዬ ፍሪጅን ጩኸት ግን ሁለታችንም ሰማነው። «ገባሁ! አራት አለ! አራት ከረጢት አለ!» ይላሉ። ማሽኑ ከወደቀ ሃያ ስድስት ደቂቃ ሆኖ ነበር። ጋሽ ቆይ መሬት ላይ ተቀመጡና ካፖርታቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉ። ምን ይሠሩ እንደነበር አልጠየቅኳቸውም።

ወደዚህ ስመለስ ከረጢቶቹን የያዘው ሣጥን በበሩ ሲገባ ደረስኩ። በሩ ከዚያ ወዲህ ዝግ ነው። አባዬ ከጎኔ ተቀምጧል። እስካሁን ሰባት ጊዜ «እንዳይነቃነቅ ብዬ እኮ ነው» ብሏል፤ ቆጥሬያለሁ። በመንገዴ ላይ ለእሱ ያዘጋጀሁት ስድብ ነበር፤ ጥሩ ስድብ ነበር፣ ያስቅሽ ነበር። ጎኑ ስቀመጥ ጫማው ግራና ቀኝ ተቀያይሮ እንደዋለ አየሁና ተውኩት። አሁን በሩ ተከፈተ።

የጽዳት ሠራተኛዋ ናት፤ ባልዲ ይዛ። አባዬ ተነሥቶ ነበር፤ ተመልሶ ተቀመጠ። ባልዲው ውስጥ ያለውን ውኃ ቀለሙን ላለማየት ጣሪያ ጣሪያ አየሁ።

እዚህ ላይ አቁሜ ነበር። አሁን አሥር ሰዓት ሆኗል፤ ወረቀቱም ተጨማድዷል፤ ይቅርታ። ሐኪሙ ሰባት ሰዓት ላይ ወጡ። ጭንብላቸውን አውርደው፣ ደሙ እንደቆመ፣ እማዬም እንደምትተርፍ ነገሩን። «ከዚያ በላይ ቢዘገይ ኖሮ...» ብለው ጀመሩና አባዬን አይተው ሳይጨርሱት ሄዱ። አባዬ በስልክ የነገረሽ ያንን የመጀመሪያውን ግማሽ ነው።

ዓይኗን የገለጠችው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ፊቷ እንደ ሰም ሆኗል፤ ድምፅዋ ከሩቅ ነው የሚመጣው። አባዬ እጇን ይዞ «እንዴት ነሽ?» ከማለቱ በፊት «እኔ ነኝ ያሰርኩት» አላት። ገና ከማደንዘዣው ያልነቃች ሴት ምን እንደታሰረ በምን ታውቃለች! እሱ ግን ከመጀመሪያው ጀመረ። ዋናዋን ነርስ፣ ሁለቱን ደቂቃ፣ ሳይደውልልሽ መቅረቱን፣ ሁሉንም ነገራት፤ አንድም አላስቀረም። የይለፍ ቃሉ ጋ ሲደርስ ብቻ ዘለለ፤ እኔም አልሞላሁለትም።

እማዬ ዓይኗን ጨፍና ሰማችው። እንቅልፍ የወሰዳት መስሎኝ ነበር። ከዚያ «አሁን በየትኛው ነው የሚሠራው?» አለች። በታናሹ መሆኑን ነገራት። «ታላቁስ?» አለች። ገመዱ ተነቅሎ እንደቆመ ነገራት። «ታናሹ ቢወድቅስ?» አለች። መልሱን ሦስታችንም እናውቀዋለን፤ የሚያነሣው የለም። እማዬ ትንሽ አረፈችና ከእሷ ቀጥሎ የገባ ሰው እንዳለ ጠየቀች። አለ። አንዲት ወጣት ሴት ከሰዓት በኋላ ገብታለች፤ እናቷ እኔ በለቀቅኩት አግዳሚ ወንበር ላይ ናት፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ አቅፋ በሩን ታያለች። ይህንን የነገርኳት እኔ ነኝ። እማዬ እጇን ከአባዬ እጅ ቀስ አድርጋ አወጣችና «ታዲያ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለችው።

አባዬ አየኝ። ተነሣ፣ ብርድ ልብሷን እግሯ ሥር አስተካከለ፣ ወጣ። በመስኮቱ ተከተልኩት። ግቢውን እያነከሰ አቋርጦ ወደ አሮጌው ሕንፃ ደረጃ ወረደ።

ባለቤትሽን በጣም ሰላም በይልኝ፤ ሹራቦችሽን ስለምለብስ ከእሱ ይልቅ እኔ አንቺን እንደምመስል ንገሪው። ትንሿን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ፣ ድዷንም ጭምር። አማትሽን እጅ ነሥታለች በዪልኝ፤ ሲሰሙ የጨዋ ልጅ እንድመስላቸው። ከዚህ በኩል አያታችን «ምን ሆናችሁ ነው ስልክ የማታነሡት?» እያለች ሁላችንንም ከሰላምታ ጋር ረግማለች። ጋሽ ቆይ ሰላም ብለውሻል፤ ሁለቱን ገመድ በተመለከተ ግን ቅሬታ አላቸው። እማዬ እየተኛች ስለሆነ ሰላምታዋን ከእንቅልፏ ቀንሼ አልወስድም፤ እጇ ሞቋል፣ ይህን ያህል ልንገርሽ። ሰላምሽ ይብዛልኝ።

ታናሽሽ

ከሴቶች ማገገሚያ ክፍል፣ ከአልጋ ቁጥር ሰባት አጠገብ
ሐሙስ፣ የካቲት 19 ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል